ከሳንባ የደም መርጋት በኋላ እንደገና መራመድ፦ የአንዲት አራስ ጉዳይ ከምዕራብ ጎጃም

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

በሳንባቸው የደም ቧንቧ ውስጥ የረጋ ደም ተገኝቶባቸው ከሞት የተረፉ ሰዎች ከሆስፒታል ሲወጡ የሚሰጣቸው ወረቀት ብዙውን ጊዜ ስለ መድኃኒቱና ስለ ቀጠሮው እንጂ ስለ ሰውነታቸው አይናገርም። መቼ መራመድ እንደሚጀምሩ፣ የትኛው ድካም እንደሚያሰጋና የትኛው እንደማያሰጋ፣ እንጀራ መጋገርና ውሃ መቅዳት መቼ እንደሚፈቀድላቸው የሚነግራቸው ባለሙያ ስለማያገኙ መልሱን የሚሰጣቸው ቤተሰብና ጎረቤት ነው። ይህ መልስ ከፍቅርም ከፍርሃትም የሚመነጭ በመሆኑ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «ተኚ» ይባላሉ።

ከዚህ በታች የሰፈረው በ2014 ዓ.ም. በምዕራብ ጎጃም የአንዲት የ26 ዓመት እናት ጉዳይ ነው። እኔ የገባሁበት በፊዚዮቴራፒ ባለሙያነት ሲሆን፣ የመድኃኒቱን ክትትል ያደረጉት የውስጥ ደዌ ሐኪም ናቸው። ስሟን፣ ቀበሌዋንና የታከመችባቸውን ተቋማት ትቻለሁ፤ ታሪኩ እንዲጻፍ እሷም ባለቤቷም ፈቅደዋል። የመዘገብኩት ሁሉ የሠመረ ስለሆነ አይደለም። በመካከሉ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሳለች፣ አንድ ቀላል ምርመራም እኛው ራሳችን ዘንግተናል፤ ከሠመረው ይልቅ እነዚህ ለሌላ ባለሙያ ይጠቅማሉ ብዬ አምናለሁ።

መነሻው

ሁለተኛ ልጇን የተገላገለችው በጥር ወር፣ ምጡ በመርዘሙ ምክንያት፣ በቀዶ ሕክምና ነበር። ሴት ልጅ ነበረች። በወሊዱ ብዙ ደም ፈሷታል። በአራተኛው ቀን ወደ ቤቷ ስትመለስ አማቷ ከሌላ ቀበሌ መጥተው ጠበቋት፤ እንደ አካባቢው የአራስ ወግም አልጋዋ ተጋረደ፣ ገንፎውና አጥሚቱ አልጋዋ ድረስ ይመጣላት ጀመር፣ ከመኝታዋ የምትነሣው ለመጸዳጃ ብቻ ሆነ። ይህን ወግ ለመንቀፍ አልጻፍኩትም። ከወሊድ በኋላ ለደከመች ሴት የሚደረግ ትልቅ እንክብካቤ ነው፤ ከቀዶ ሕክምና ጋር ሲደረብ ግን እግርን ለቀናት ያለ ሥራ ያስቀምጣል።

በዘጠነኛው ቀን የግራ እግሯ ባት አበጠ፣ ሲነኩትም ያማት ነበር። በመተኛት ብዛት የመጣ መስሏቸው በቅቤ አሹት። በ12ኛው ቀን ወደ ጓሮ ስትወጣ ትንፋሿ ቁርጥ አለ፣ ጎኗን ወጋት፣ ዓይኗም ጨለመባትና ወደቀች። ቤተሰቡ ምች ነው ብሎ ዳማከሴ ጨምቆ ሰጣት። በማግሥቱ የተወሰደችበት ክሊኒክ የሳንባ ምች ነው ብሎ መርፌ ጀመረላት፤ በሁለተኛው ቀን ደም የቀላቀለ አክታ ስታይ ባለቤቷ መኪና ተከራይቶ ወደ ሆስፒታል ወሰዳት። በልብ አልትራሳውንድ የልቧ የቀኝ ክፍል ሰፍቶ ታየ፤ ባሕር ዳር ተልካ በተነሣችው ሲቲ ስካን ደግሞ በሁለቱም ሳንባዎቿ የደም ቧንቧዎች ውስጥ የረጋ ደም መኖሩ ተረጋገጠ። በእግር አልትራሳውንድ ምንጩ የግራ ጭኗ ጥልቅ ደም መልስ መሆኑ ታወቀ።

በ19ኛው መቶ ዘመን ሩዶልፍ ፊርኾ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በሳንባ ውስጥ የሚገኝ የረጋ ደም ከሩቅ፣ በተለይም ከእግር፣ ተነቅሎ የሚመጣ መሆኑን አሳይቷል። ዛሬም በስሙ የሚጠሩት የደም መርጋት መንስኤዎች ሦስት ናቸው፦ የደም ፍሰት መዘግየት፣ የደም ቧንቧ መጎዳት፣ የደሙ ራሱ ለመርጋት መፍጠን። በዚህች እናት ላይ ሦስቱም ተገናኝተው ነበር። እርግዝና ደምን ለመርጋት ያፈጥነዋል፤ ይህ ፍጥነትም ከወሊድ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ውስጥ ይበልጥ አደገኛ ነው። ቀዶ ሕክምናው የደም ቧንቧ ጎድቷል፤ የተቀረውን አልጋው አደረገው። የግራ እግር መሆኑም አጋጣሚ አይደለም፤ ከግራ እግር የሚመለሰው ትልቁ ደም መልስ በዳሌ ውስጥ በቀኙ ደም ቅዳ ሥር ስለሚያልፍ፣ በተለይ በእርግዝና ጊዜ፣ ይጫናል።

የደም ግፊቷ ስላልወረደ የረጋውን ደም በፍጥነት የሚያሟሟው መድኃኒት አላስፈለጋትም። ሄፓሪንና ዋርፋሪን የተባሉት ደም ማቅጠኛ መድኃኒቶች አብረው ተጀመሩላት፤ የደም ቅጥነቱ መለኪያ አይ.ኤን.አር. ከ2 በላይ መሆኑ ሲረጋገጥ ሄፓሪኑ ተቋረጠ። ዋርፋሪን የተመረጠው ስለምታጠባ ነው፤ ሕፃኑን ሳይጎዳ እናቲቱ ልትወስደው የምትችለው መድኃኒት ነው። ሆስፒታል በገባች በዘጠነኛው ቀን ወጣች።

አንድ ቃል

በመውጫ ወረቀቷ ላይ ከመድኃኒቱ ስምና ከቀጠሮው ቀን በታች «ዕረፍት» የሚል አንድ ቃል ተጽፎ ነበር። ለስንት ቀን፣ ከምን ሥራ የሚለው አልተገለጸም። ጻፊው ከባድ ነገር እንዳታነሣ ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ ቤቱ ግን በቃሉ መሠረት ፈጸመው። አማቷ የቤቱን ሥራ ሁሉ ያዙ። ልትነሣ ስትል «እኔ ቆሜ እየሄድኩ አንቺ ምን በወጣሽ፤ ዕረፊ ተብለሽ የለም እንዴ!» ይሏት ነበር። ሕፃኗን እንኳ አንሥተው የሚያቅፏት ሌሎች ነበሩ፤ ለእሷ የሚያቀብሏት ጡት ለማጥባት ብቻ ነው።

ይህ እንክብካቤ ያመጣውን ጉዳት ለማስረዳት ስለ በሽታው አንድ ነገር መግለጽ ያስፈልጋል። ደም ማቅጠኛ መድኃኒት የረጋውን ደም አያሟሟውም፤ እንዳያድግና አዲስ እንዳይፈጠር ይከለክላል እንጂ። የረጋውን የሚያሟሟው ሰውነት ራሱ ሲሆን ይህም ሳምንታትና ወራት ይወስዳል። በእነዚህ ወራት ታማሚው ቢተኛ ሳንባው ቶሎ አይጸዳለትም፤ የጭኑና የባቱ ጡንቻ ግን ይሟሽሻል፣ ልቡም ለትንሽ ሥራ ብዙ መምታት ይለምዳል። ስለዚህ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የትንፋሽ ማጠሩ ከደም መርጋቱ ይሁን ከመተኛቱ ለመለየት ያስቸግራል። በሌሎች አገሮች የተደረጉ ክትትሎች ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ ከወራት በኋላም አቅማቸው ሙሉ በሙሉ እንዳልተመለሰ አሳይተዋል፤ ለአብዛኞቹ ዋናው ምክንያት የሳንባ ቧንቧ መዘጋት ሳይሆን የሰውነት መዛል ነው። መድኃኒቱ ተገቢውን መጠን ላይ ከደረሰ በኋላ መራመድ የረጋውን ደም ነቅሎ እንደማይልከውም ይታወቃል። ቤተሰቡ በጣም የሚፈራው ግን ይህንኑ ነበር።

የመጀመሪያው ቀጠሮ

ወደ እኔ የመጣችው ከሆስፒታል ከወጣች ከአራት ሳምንት በኋላ፣ የዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ ነበር። ባለቤቷ ክንዷን ደግፎ፣ አማቷ ሕፃኗን አዝለው ገቡ። ምን እንደሚሰማት ስጠይቃት «ስነሣ ልቤ ዘሎ የሚወጣ ይመስለኛል፤ ያው የመጣብኝ እየመሰለኝ ተመልሼ እቀመጣለሁ» አለችኝ። አማቷ ጣልቃ ገብተው «ከሞት የተመለሰች ናት፤ አታድክሙብኝ» አሉ።

የስድስት ደቂቃ የእግር ጉዞ መለኪያ አደረግንላት። 30 ሜትር በሚረዝም ኮሪደር ጫፍና ጫፍ ምልክት ተደርጎ ታማሚዋ በራሷ ፍጥነት ለስድስት ደቂቃ ትመላለሳለች፤ ስትደክም ቆማ ታርፋለች። ሁለት ጊዜ ቆማ 225 ሜትር ሄደች። በጣቷ ላይ ያደረግነው የኦክስጅን መለኪያ ከ94 ወደ 90 ወረደ፣ የልብ ምቷ በደቂቃ ከ102 ወደ 136 ወጣ፤ ድካሟን ከ0 እስከ 10 ስትመዝን 7 ሰጠችው። አካባቢው ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ 94 ለተቀመጠ ሰው አላስደነገጠንም፤ በቆላ ወይም በባሕር ጠረፍ ለሚኖር ሰው የወጣ መለኪያ ለደጋ ሰው ሳይስተካከል አይሠራም። በ30 ሴኮንድ ውስጥ ከወንበር ስድስት ጊዜ ብቻ ተነሥታ ተቀመጠች፤ ለእሷ ዕድሜ ይህ እጅግ ዝቅተኛ ነው። ከሁሉ በላይ የታየኝ ግን ፊቷ ላይ የነበረው ፍርሃት ነው። በአራተኛው ደቂቃ የቆመችው ትንፋሽ አጥሯት ሳይሆን ልቧ ሲመታ ስለሰማች ነበር።

ደቂቃው ቀርቶ ምልክት

በመጀመሪያው ሳምንት የሰጠኋት ዕቅድ በወረቀት የተጻፈና በደቂቃ የተለካ ነበር፤ በቀን ሦስት ጊዜ አምስት አምስት ደቂቃ ትራመዳለች ይላል። አልተሠራበትም። በቤቱ ሰዓት አልነበረም፤ ስልኩ ከባለቤቷ ጋር ይውላል፣ መብራትም ሲጠፋ ለቀናት አይሞላም። እሷም «አምስት ደቂቃ ይሁን አሥር ሳላውቀው ፈርቼ እመለሳለሁ» አለችኝ። ዕቅዱን ከማውጣቴ በፊት ስለ ቤቱ አኗኗር መጠየቅ ነበረብኝ።

በሁለተኛው ቀጠሮ ደቂቃውን ትተን መንገዱን ለካነው። ባለቤቷ ከቤታቸው በር ተነሥቶ በእርምጃ እንዲቆጥር ጠየቅሁት፤ እስከ ጎረቤት አጥር 60፣ እስከ ቦኖው 180፣ እስከ ወፍጮ ቤቱ 450 እርምጃ አገኘ። ቤተ ክርስቲያኑ ከዚያ አልፎ ዳገት ላይ ነው፤ በጠቅላላው ከአንድ ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። በአጥሩ ጀመርን፣ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ። በአንድ ምልክት ላይ ድካሟ ለሦስት ተከታታይ ቀን ከ4 ካልበለጠ ወደሚቀጥለው ታልፋለች፤ ከ6 ከበለጠ ወደ ኋላ ትመለሳለች እንጂ መራመዷን አትተውም።

ፍጥነቱን ለመለካት የወሰድነው የንግግር ፈተናን ነው። መጠነኛ እንቅስቃሴ የሚያደርግ ሰው መናገር ይችላል፣ መዘመር ግን አይችልም። እሷ አቡነ ዘበሰማያትን እየደገመች እንድትሄድ ተስማማን፤ በመካከሉ ለመተንፈስ ካቋረጠች ታዘገማለች፣ መዝሙር ማውጣት ከቻለች ደግሞ ትፈጥናለች። ያቋረጠች እንደሆነ የሚያዳምጡት አማቷ እንዲሆኑ ጠየቅኋቸው። በክትትሉ ከሠራኋቸው ሁሉ ይበልጥ የጠቀመ ይህ ይመስለኛል። እስከዚያ ቀን ድረስ የእሳቸው ሥራ እሷን መከልከል ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ሕፃኗን አዝለው ከጎኗ የሚሄዱ፣ የምራታቸውን ትንፋሽ የሚሰሙና የሚፈርዱ ሆኑ። በሦስተኛው ሳምንት ሲመጡ «ዛሬ እስከ ‹ወኢታብአነ› ሳትቆርጥ ደረሰችልኝ» ብለው ነገሩኝ።

በቤት ውስጥ ደግሞ መደቡን ተጠቀምንበት። ከመደብ ላይ መነሣትና መቀመጥ፣ መጀመሪያ በእጅ ተደግፎ፣ በኋላ እጅን ደረት ላይ አጣምሮ፣ አምስት አምስት ጊዜ ጠዋትና ማታ። ግድግዳ ይዞ ተረከዝን ማንሣትና ማውረድ፤ የባት ጡንቻ ሲጨማደድ ደሙን ወደ ላይ ስለሚገፋው ለእብጠቱም ይበጃል። ቡና ሲፈላ ለረጅም ጊዜ ተቀምጣ እንዳትቀር በአቦል፣ በቶናና በበረካ መካከል እየተነሣች እስከ በሩ እንድትመላለስ አደረግን። የሚያስታውሷት ጎረቤቶቿ ሆኑ።

የጾሙ ጎመን

በመጋቢት አጋማሽ በተደረገ ምርመራ አይ.ኤን.አር. 1.5 ሆኖ ተገኘ፤ መድረስ የነበረበት ከ2 እስከ 3 ነው። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቁት መድኃኒቱን ዘልላ እንደሆነ ነበር፤ አልዘለለችም፣ ክኒኑም ተቆጥሮ ልክ ሆነ። ምክንያቱ የተገኘው ስለ ምግቡ ዝርዝር ጥያቄ ሲቀርብ ነው። በፍስክ ወራት በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ የሚበላው ጎመን በጾሙ በየቀኑ ይቀርብ ነበር፤ እሷም አራስ ናትና ደህና አድርጋ እንድትበላ ትደረጋለች። ጎመን ቫይታሚን ኬ በብዛት አለው፤ ዋርፋሪን የሚሠራው ደግሞ የዚህን ቫይታሚን ሥራ በማወክ ስለሆነ ጎመኑ ሲበዛ መድኃኒቱ ይደክማል።

ጎመን መከልከሉ ቀላል ይመስላል፤ ግን በጾም ወቅት ለምታጠባ፣ ለገረጣች ሴት የቀረላት ምግብ እሱ ነበር። ከዚህም በላይ፣ በፋሲካ ማግሥት ጎመኑ በድንገት ቢቀር፣ መድኃኒቱም በጾሙ መጠን ከፍ ተደርጎ ቢሆን ኖሮ ደሟ ከሚገባው በላይ ይቀጥን ነበር። ሐኪሙ የመረጡት የጎመኑን መጠን ማስተካከልን ነው፦ በጾምም በፍስክም በሳምንት ሦስት ቀን፣ በአንድ ጭልፋ ልክ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ቁጥሩ 2.3 ደረሰ። በአገራችን የጾም ቀናት ብዙ እንደመሆናቸው ይህ ጥያቄ ዋርፋሪን ለሚወስድ ለማንኛውም ታማሚ ከመጀመሪያው ቀን መቅረብ ያለበት ይመስለኛል።

የክርስትናው ቀን

ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በ80 ቀኗ ነው። እናቲቱ ከመጀመሪያው ቀጠሮ ጀምሮ የነገረችኝ አንድ ምኞት ልጇን ይዛ በእግሯ ቤተ ክርስቲያን መድረስ ነበር፤ ስለዚህ ዕቅዱ ሁሉ ወደዚያ ቀን ያመራ ነበር። በሳምንቱ ዋዜማ እስከ ወፍጮ ቤቱ በድካም 4 ደርሳ ነበር። ዳገቱን በሦስት ማረፊያ ከፍለነው፣ ሕፃኗን አማቷ አዝለውላት፣ ተሳካላት፤ ደረሰች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ግን አላሰብንበትም። ለመቁረብ ከዋዜማው ጀምራ እህልም ውሃም አልቀመሰችም፤ የጾም ቅዳሴ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ በዚያ ሁሉ ሰዓት ቆማ ነበር። ወደ ቤት ስትመለስም እንግዳው ሞልቶ ጠበቃት፣ እሷም ጎንበስ ቀና እያለች አስተናገደች። ማታ አዞራት፣ የግራ እግሯ አበጠ፣ ለሦስት ቀንም ከአልጋ ሳትነሣ ቀረች። በአራተኛው ቀን በፍርሃት ተመልሰው መጡ፤ አማቷ «እኔ ብያለሁ» አላሉም፣ ግን ዝም ብለው አዩኝ። ሐኪሙ እግሯን በአልትራሳውንድ አዩት፤ አዲስ የረጋ ደም አልነበረም። መንገዱን ስንለካ መቆሙን፣ ጾሙንና ድግሱን አልለካንም ነበር። ለአንድ ታማሚ ትልቅ ቀን ሲቃረብ የጠየቅሁት «ስንት ትሄዳለች» ብቻ ነበር፤ «ስንት ሰዓት ትቆማለች፣ መቼ ትጠጣለች፣ ማን ያስተናግዳል» ብዬ አልጠየቅሁም።

የዘነጋነው ምርመራ

ከዚህ ውድቀት በኋላ ሐኪሙ ሙሉ የደም ምርመራ አዘዙ። ሄሞግሎቢኗ፣ ማለትም ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል፣ ዝቅ ብሎ 9.4 ሆኖ ተገኘ። በ2,000 ሜትር ከፍታ የሚኖር ሰው የደም መጠኑ ከቆለኛው ከፍ ያለ መሆን ስለሚገባው ይህ ቁጥር ከሚመስለውም ያነሰ ነው። በወሊድ ብዙ ደም ፈሷት፣ በዚያ ላይ የጾም ምግብና ማጥባት ተጨምሮባት ሳለ፣ ከሆስፒታል ከወጣች ወዲህ ለሁለት ወር ሄሞግሎቢኗን የለካ ሰው አልነበረም። ሁላችንም የትንፋሽ ማጠሩን ለሳንባዋ ሰጥተነው ነበር። የብረት ክኒን ተጀመረላት፤ ከቡና ጋር እንዳትወስደው ተነገራት፣ ቡና ብረቱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ስለሚያግድ።

ከደም መርጋቱ ሦስት ወር ሲሞላ፣ ከፋሲካ በኋላ፣ የልብ አልትራሳውንዷ ተደገመ። ይህ ምርመራ ትንፋሹ ያልተመለሰለት ታማሚ ሁሉ ሊያገኘው የሚገባ ነው፤ የሳንባ ደም መርጋት ከደረሰባቸው ከመቶ ከሁለት እስከ አራት በሚሆኑት ላይ የረጋው ደም ሳይሟሟ ጠባሳ ሆኖ ይቀርና በሳንባ ደም ቧንቧ ውስጥ ግፊት ይፈጥራል፣ ልብንም ያደክማል። የእሷ ልብ ወደ ቀድሞ መጠኑ ተመልሶ ነበር፤ ግፊቱም ከፍ ያለ አልነበረም። ውጤቱን ለእሷ ያስረዳሁት ከሐኪሙ ጋር ሆኜ ነው። «ልብሽ ድኗል፤ የቀረው እግርሽና ደምሽ ነው» ስንላት አለቀሰች። ከዚያ ቀን በኋላ ልቧ ሲመታ ስትሰማ መቆሟን ተወች። ካደረግነው ልምምድ ሁሉ ይልቅ ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ ሜትር ጨመረላት።

ከግንቦት እስከ ሐምሌ

በሚያዝያ መጨረሻ ስድስት ደቂቃውን ሳትቆም 310 ሜትር ሄዳ ነበር። በግንቦት ግን ሆዷን አሟት ከመድኃኒት መደብር ሜትሮኒዳዞል የተባለ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ተሰጣት፤ ዋርፋሪን እንደምትወስድ የጠየቃት አልነበረም፣ እሷም አልተናገረችም። በስድስተኛው ቀን ጥርሷን ስትፍቅ ድዷ መድማት አላቆመም። አይ.ኤን.አር. 6.1 ደርሶ ነበር። ሜትሮኒዳዞል ዋርፋሪን ከሰውነት እንዳይወገድ ስለሚያደርግ ደሙ ከልክ በላይ ይቀጥናል። ዋርፋሪኑ ለጥቂት ቀናት ተቋረጠ፣ ልምምዱም ለአንድ ሳምንት ወደ ቤት ውስጥ ብቻ ተወሰነ፤ በዚህ ሁኔታ መውደቅ ለጭንቅላት መድማት ሊያጋልጥ ይችላልና።

ሐኪሙ መድኃኒቱን እስከ ስድስት ወር ለማራዘም የወሰኑት ከዚህ የቁጥር መዋዠቅ በመነሣት ነው። በሰኔ ዝናቡ ሲጠና መንገዱ ጭቃና አንሸራታች ሆነ፤ ስለዚህ የመንገዱን ጉዞ በከፊል በቤቱ ደፍ ላይ በመውጣትና በመውረድ ተካነው። ክብደት ማንሣትን የጀመርነው የቀዶ ሕክምናው ቁስል ከዳነ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ በሦስት ሊትር ውሃ ነው። አምስት ሊትር፣ ከዚያም አሥር ሊትር ደረሰች። 20 ሊትር ጄሪካን ግን በጀርባዋ ተሸክማ ዳገት መውጣት እስከ መጨረሻው ቀጠሮ አልቻለችም፤ ባለቤቷ ውሃውን በአህያ እንዲያመጣ ተስማሙ፣ በዚህ ነገርም አልተከራከርኩም።

በሐምሌ መጨረሻ 455 ሜትር ሄደች። ኦክስጅኗ ከ94 ወደ 92 ብቻ ወረደ፣ የልብ ምቷ በዕረፍት 84፣ በጉዞው መጨረሻ 122 ነበር፣ ድካሟንም 3 ሰጠችው። በ30 ሴኮንድ 14 ጊዜ ተነሥታ ተቀመጠች። ሄሞግሎቢኗ 12.6 ሆኗል። ምጣድ ትጥዳለች፣ ገበያ ትወጣለች። ማታ ማታ የግራ እግሯ አሁንም በመጠኑ ያብጣል፤ ሌሊት ደግሞ አልፎ አልፎ በድንጋጤ ትነቃለች።

ያልሠራልን

የእግር ማጥበቂያ ካልሲ አዘን ነበር፤ በልኳ የሚሆን የተገኘው ባሕር ዳር ሲሆን፣ በሙቀቱና በአለባበሱ አስቸጋሪነት ከሁለት ሳምንት በላይ አላደረገችውም። ፊኛ በመንፋት የሚደረግ የትንፋሽ ልምምድም ሰጥቻት ነበር፤ ጉዳት አላመጣም፣ ጥቅሙንም አላየሁበትም፣ መራመድ የነበረበትን ጊዜ ግን ወሰደ። በየሳምንቱ በስልክ ለመከታተል ያደረግነው ሙከራ በኔትወርክ መጥፋት ምክንያት ከሽፏል፤ በምትኩ የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በሳምንት አንድ ቀን ቤቷ እየሄደች ያየችው ክትትል እስከ መጨረሻው ቆይቷል።

ለሌላ ታማሚ የሚተርፈው

ከዚህ ጉዳይ በኋላ በእኛ ክፍል «ዕረፍት» የሚለው ቃል ብቻውን አይጻፍም። ታማሚው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በቤቱና በደጁ እንዲራመድ፣ ምን እንዳያነሣና እስከ መቼ እንደሆነ በዓረፍተ ነገር ይጻፍለታል። የሚመለስበት ምልክትም ይጨመራል፦ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ውጋት፣ ደም ያለበት አክታ፣ ራስን መሳት፣ የእግር እብጠት መጨመር፣ ጥቁር ሰገራ፣ በጭንቅላት ላይ የደረሰ ምት። ታማሚው እነዚህን ሲያውቃቸው ከእነሱ ውጭ ያለውን ድካም መፍራቱ ይቀንስለታል።

በትንፋሽ ማጠር የሚመጣን ታማሚ ከማለማመዴ በፊት ሄሞግሎቢኑን እጠይቃለሁ። ቤተሰቡን ደግሞ ለማሳመን ብቻ ሳይሆን ሥራ ለመስጠት አስጠራዋለሁ፤ የሚከለክል አማት ወይም እናት የልምምዱ አካል ስትሆን ክልከላው በራሱ ይቀራል። መድኃኒቱን በተመለከተ ታማሚዋ በአንገቷ የምታስረው ትንሽ ካርድ አዘጋጅተናል፤ ዋርፋሪን እንደምትወስድ፣ የጡንቻ መርፌ፣ ዲክሎፌናክ የተባለው የሕመም ማስታገሻና ሜትሮኒዳዞል ያለ ሐኪም እንዳይሰጣት ይገልጻል።

በመጨረሻው ቀጠሮ የጠየቀችኝ ስለ ሌላ ልጅ ነበር። ሐኪሙ የመለሱላት በግልጽ ነው። ኢስትሮጅን የተባለ ሆርሞን ያለበት የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን ደምን ለመርጋት ስለሚያፈጥን አይሆናትም፤ በክንድ የሚቀበረውን ወይም በማኅፀን የሚቀመጠውን እንድትመርጥ ተነገራት፣ በክንድ የሚቀበረውን መረጠች። ዋርፋሪን ጽንስን ስለሚጎዳ ወደፊት ስታረግዝ ገና በመጀመሪያው ወር መጥታ እንድትናገር፣ በእርግዝናዋና ከወሊድ በኋላም ባሉት ስድስት ሳምንታት የሄፓሪን መርፌ እንደሚያስፈልጋት በካርዱ ጀርባ ተጻፈላት። ካርዱን የተቀበሉት አማቷ ነበሩ፤ የሕፃኗ የክትባት ወረቀት ባለበት ሙዳይ ውስጥ እንደሚያስቀምጡት ነገሩኝ።